የመስክ ደብተር አማና ነው፦ በአካባቢ አማካሪ ድርጅት ልምምድ ለሚወጡ ተማሪዎች



የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የልምምድ ጊዜያቸው ሲደርስ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ይዘው ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባሉ ሕንፃዎች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። የሚፈልጉት የተግባር ልምምድ ቦታ ነው፤ እነሱ «ኢንተርንሽፕ» ይሉታል። አካባቢ ሳይንስ፣ አካባቢ ምሕንድስና፣ ጂኦግራፊ ወይም የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ከሚያጠኑት መካከል ብዙዎቹ የሚመደቡት በአካባቢ አማካሪ ድርጅቶች ነው። ባንክ ወይም ሆስፒታል የተመደበ ልጅ ምን እንደሚሠራ ቤተሰቡ ያውቃል። እዚህ የተመደበውን ግን «ምን ልትሠራ ነው?» ሲሉት «ጥናት» ከማለት በላይ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ይህ ጽሑፍ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ምን እንደሚመስል ያብራራል። ከዚያም ተማሪው በእነዚያ ጥቂት ወራት የሚገጥመው ፈተና ከዲናችን ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እናያለን። እያንዳንዱ የመስክ ወረቀት የምስክርነት ቃል ነው፤ ከታች የምንለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አማካሪ ድርጅቱ ምን ይሠራል?

አንድ ባለሀብት በወንዝ ዳር ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ወይም ፋብሪካ ሊተክል አሰበ እንበል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በውኃው፣ በአየሩ፣ በአፈሩና በነዋሪው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መጠናት አለበት። ለዚህ መሠረት የጣለው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። አዋጁ ጥናቱን የሚያስጠናውም ወጪውን የሚሸፍነውም የፕሮጀክቱ ባለቤት መሆኑን፣ ጥናቱም ብቃት ባላቸው ባለሙያዎች መዘጋጀት እንዳለበት ይደነግጋል። አማካሪ ድርጅት የሚባለው እነዚህን ባለሙያዎች ይዞ ጥናቱን የሚያዘጋጀው ነው።

ጥናቱ ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ሙሉ ጥናት ያስፈልገው እንደሆነ ይጣራል። ቀጥሎ ጥናቱ የሚያተኩርባቸው ጉዳዮች ይለያሉ። ከዚያ አሁን ያለው ሁኔታ ይመዘገባል፦ ውኃው ምን ይመስላል? ምን ዓይነት ዛፍ አለ? ማን ይኖራል? ከምን ይኖራል? በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሊመጣ የሚችለው ጉዳት ይገመታል፤ ጉዳቱን ለማስቀረት ወይም ለመቀነስ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚከታተለውም ይጻፋል።

የተጠናቀቀው ሰነድ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በአዋጁ መሠረት መሥሪያ ቤቱ የሕዝብ አስተያየትና የባለሙያ ሐሳብ አካትቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ያጸድቃል፣ በቅድመ ሁኔታ ያጸድቃል ወይም ይከለክላል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበትም አዋጁ ያዛል። ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ሰው ከ50,000 ብር በማያንስና ከ100,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ እንደሚቀጣ ተደንግጓል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሚወስነው ባለሥልጣን አብዛኛውን ጊዜ ወንዙን በዓይኑ አያየውም። የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር መስክ ወርዶ ካመጡት ሰዎች አንዱ ደግሞ ለልምምድ የመጣው ተማሪ ነው።

ከእንጦጦ እስከ ቀበና፦ የመስክ ቀን

የካ ክፍለ ከተማ ለዚህ ሙያ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በስተ ሰሜን የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በአንደኛው ገጽ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በሌላኛው የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ወደ ከተማው የሚወርደው ውኃ በቀበናና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ ቀጥሎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በአፋር ምድር አልፎ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ነገር በመንገዱ ላይ በአቃቂ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎችን፣ ከዚያም ርቆ ከብቱን የሚያጠጣውን የአፋር ወንድማችንን ያገኛል።

ተማሪው ከባለሙያዎቹ ጋር ሲወጣ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ የውኃ ናሙና መውሰድ ነው። ናሙና ከፕሮጀክቱ ቦታ በላይና በታች ይወሰዳል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነው። የውኃው ሙቀት፣ የአሲድነት መጠኑና በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ፤ ጠርሙስ ውስጥ ከቆዩ ይለወጣሉ። ለተሕዋስያን ምርመራ የተወሰደው ናሙና በበረዶ ሣጥን ተይዞ በቶሎ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በውኃው ውስጥ ያለው ብስባሽ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚወስድ ለማወቅ ደግሞ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ቀናት ይቀመጣል። በጠርሙሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የወሰደው ሰው ስም ይጻፋል። ስም የሌለው ጠርሙስ ለምንም አይጠቅምም።

ወቅቱም መጻፍ አለበት። በበጋ ቀበና ይቀጥናል፤ ቆሻሻው በጥቂት ውኃ ውስጥ ይከማቻል። በክረምት ሲሞላ ደግሞ ደለልና ፕላስቲክ ይዞ ይወርዳል፣ ዳር ያለውንም ቤት ያሰጋል። በአንድ ወቅት ብቻ የሄደ ሰው ያየው የወንዙን አንድ ገጽ ነው፤ ሪፖርቱም ይህንኑ መናገር አለበት።

ወደ ተራራው ሲወጣ ዛፍ ይቆጠራል። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እንጦጦን በብዛት የሸፈነው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ተጠግተው ሲያዩት ግን በየቦታው ከሥሩ ሣር የሌለው፣ ቅጠሉ ተጠርጎ የተወሰደበት፣ ጎርፍ የሸረሸረው መሬት ይታያል። በመሐል ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይገኛሉ። «ደን አለ» ብሎ መጻፍና «ከዛፎቹ ይህን ያህሉ ባሕር ዛፍ፣ ይህን ያህሉ አገር በቀል ነው» ብሎ መጻፍ የተለያዩ ምስክርነቶች ናቸው።

ሦስተኛው ሥራ ሰውን መጠየቅ ነው። መጠይቅ ይሞላል፤ የሕዝብ ውይይት ሲደረግ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ የተሰብሳቢዎች ፊርማ ይሰበሰባል። ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ ነው፤ ትልቁ ፈተና ያለውም እዚሁ ነው።

ፈተናው ከየት ይመጣል?

አማካሪው የሚከፈለው ፕሮጀክቱ እንዲጸድቅ ከሚፈልገው ባለቤት ነው። ይህ በብዙ አገሮች ያለ አሠራር ነው፤ በራሱ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ሐኪምም የሚከፈለው ከታካሚው ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ይቸኩላል፣ የማስረከቢያ ቀን ይደርሳል፣ የመኪና ነዳጅ ይወደዳል። ያኔ አቋራጭ ይመጣል። ሁለት ጊዜ መለካት የነበረበት አንድ ጊዜ ይለካል። ያልተሄደበት ቦታ እንደተሄደበት ይጻፋል። የሌላ ቦታ ሰነድ ተቀድቶ ስሙ ብቻ ይቀየራል። እንጦጦ ግርጌ ስላለ ፕሮጀክት በተጻፈ ሰነድ ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ግራር ከተገኘ፣ ጸሐፊው ከወንበሩ እንዳልተነሣ አንባቢው ያውቃል።

አብዛኞቹ ባለሙያዎች ይህን አያደርጉም፤ ዝናብና ፀሐይ ሳይሉ በሐቅ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። አቋራጩ በሚመጣበት ቦታ ግን ወረቀቱን እንዲሞላ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከሁሉም ትንሹ ሰው ነው። ተማሪው ደመወዝ የለውም፤ ውጤቱ ያለው በአለቃው እጅ ነው፤ ሥራውንም ገና አላወቀውም። «እንዲህ ነው የሚሠራው» ቢሉት ያምናል።

የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ካስተማርኳቸው አንዷ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልምምድ ላይ ሳለች ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ወንዝ ዳር ለሚሠራ አንድ ግንባታ የሕዝብ ውይይት ተጠርቶ የመጡት 11 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ አነሰ ተባለ። የስብሰባው ቀን የተጻፈበትን የፊርማ ቅጽ ሰጥተው፣ «ቤት ለቤት ሄደሽ አስፈርሚና ሙዪው» አሏት።

«ኡስታዝ፣ እኔ ወረቀት ነው የተሸከምኩት። የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። ወንጀል ይሆንብኛል?» አለችኝ።

ስብሰባ ያልመጣን ሰው እንደመጣ አድርጎ መጻፍ ውሸት መሆኑን ነገርኳት። ቤት ለቤት መሄዱ ግን ውሸት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ከስብሰባው የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ጨመርኩላት። ልዩነቱን የሚያመጣው የወረቀቱ ርዕስ ነበር። እሷም ሌላ ወረቀት አዘጋጀች፦ «ቤት ለቤት የተሰበሰበ አስተያየት» የሚል፣ እያንዳንዱ ሰው የተጠየቀበት ቀን የተጻፈበት። 26 ሰዎችን አነጋገረች። ቅጹን የሰጣት ሰው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ተቀበለው። ሪፖርቱ «በስብሰባው 11፣ በየቤታቸው 26» ብሎ ወጣ።

በየቤቱ የተሰማው ነገር በስብሰባው አልተነሣም ነበር። ብዙ እናቶች ልጆቻቸው ወደ መድረሳ የሚሻገሩት ግንባታው በሚያጥረው ቦታ በኩል ባለች የእግር መንገድ መሆኑን ተናገሩ። መንገዷ በካርታው ላይ የለችም። አጥሩ ቢዘጋት ልጆቹ ወይ በዋናው አስፋልት መዞር፣ ወይ በክረምት ወንዙን በድንጋይ ላይ መሻገር ነው የሚቀራቸው። ስብሰባው የተጠራው በሥራ ሰዓት ስለነበር እነዚህ እናቶች አልመጡም። ቅጹ በታዘዘው መንገድ ቢሞላ ኖሮ ስማቸው በተሰብሳቢነት ይሰፍር ነበር፤ ስለ መንገዷ ግን አንድ ቃል አይጻፍም። ፊርማቸው ለማያውቁት ነገር ስምምነት ይሆን ነበር።

ሕዝብ ሳይሰማ ሲቀር፦ ሰንዳፋና ቆሼ

ይህ ጉዳይ የአንዲት የእግር መንገድ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ፣ ሁላችንም የምናስታውሰው ታሪክ አለ። ከየካ በኮተቤና በለገጣፎ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጣ ሰንዳፋ ይገኛል። የአዲስ አበባን ቆሻሻ ከቆሼ ተረክቦ እንዲይዝ ዘመናዊ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ እዚያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች በአግባቡ እንዳልተመከሩ፣ ሽታውና ከቆሻሻው የሚወጣው ፍሳሽ ውኃቸውንና ከብቶቻቸውን እንደጎዳ አቤት አሉ። ተቃውሞው በረታ፤ ማስወገጃው ወራት ሳይቆይ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራ አቆመ። የከተማው ቆሻሻም ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። አደጋው ብዙ ምክንያት አለው፤ ክምሩ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ ነበር፤ ሰዎችም ከሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ነገር ግን የሰንዳፋ ገበሬ ከመጀመሪያው ተሰምቶ፣ ሥጋቱ ተጽፎና መፍትሔ ተበጅቶለት ቢሆን ኖሮ ማስወገጃው በዚያ ፍጥነት ባልተዘጋ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ባልተመለሱ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። በውይይት ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ድምፅ ጠፍቶ አይቀርም። ውሎ አድሮ በሌላ ቦታ፣ በከፋ መልኩ ይመጣል።

ጸሐፊና ምስክር በእስልምና

ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱ አል-በቀራህ 282ኛው ነው። ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ ነው። በውስጡ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር ሲጠራ እምቢ እንዳይል ይታዘዛል። ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጎዱ ይከለክላል። የሚቀጥለው አያህ ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት መሆኑን ይናገራል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 135ኛው አያህ ደግሞ ምእመናን በራሳቸው ወይም በወላጆቻቸው ላይ ቢሆንም እንኳ ለአላህ ብለው በፍትሕ እንዲመሰክሩ፣ የሚመሰከርበት ሰው ሀብታም ወይም ድሃ መሆኑ እንዳያዘነብላቸው ያዛል። ሱረቱ አል-ኢስራእ 36ኛው አያህ ሰው የማያውቀውን እንዳይከተል፤ መስማት፣ ማየትና ልብ ሁሉም እንደሚጠየቁ ያስጠነቅቃል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲዘረዝሩ ተደግፈው እንደነበርና የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ተቀምጠው ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ በሰሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። ሸሃደቱ ዙር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፍርድ ቤት ቆሞ መማልን ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ የሚፈርደው በተጻፈው ነው። «ወንዙን ለካሁ» ብሎ ሳይለኩ መጻፍ፣ «ነዋሪው ተስማማ» ብሎ ሳይጠይቁ መጻፍ ከዚያ በምን ይለያል? እንዲያውም የፍርድ ቤት ሐሰት የሚጎዳው አንድ ተከራካሪን ነው፤ ይህ ግን ከወንዙ በታች ያሉትን ስማቸውን የማናውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ይጎዳል።

የፊቅህ ዑለማዎች ከሐዲሥ ወስደው ካስቀመጧቸው ታላላቅ መርሖች አንዱ ጉዳት አለማድረስና ጉዳትን በጉዳት አለመመለስ ነው። ከዚሁ በመነሣት የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ «ሐሪም» የሚባል የተከለለ ቦታ እንዲኖረው፣ ውኃውን የሚበክል ነገር በአጠገቡ እንዳይሠራ ደንግገዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን፣ በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ መጸዳዳትን ከልክለዋል። ዛሬ በብዙ ገጽ የሚጻፈው የአካባቢ ጥናት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የእኔ ሥራ የሌላውን ውኃ፣ መንገድና ጥላ ይነካል ወይ?

ሒማ እና እንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች

በእስልምና ታሪክ ለሕዝብ ጥቅም የሚከለል መሬት «ሒማ» ይባላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ የነቂዕን መሬት ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል፤ በኋላም ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሌሎች ቦታዎችን ከልለዋል። ቡኻሪ እንደዘገቡት ዑመር ለሒማው ጠባቂ የሰጡት መመሪያ ለዛሬ ባለሙያ ትልቅ ትምህርት ነው። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ሰው እንዲያስገባ፤ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፦ ሁለቱ ባለጸጎች ከብታቸው ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ይመጣል።

ይህን ይዘን ወደ እንጦጦ እንመለስ። ለብዙ ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች ገና ሳይነጋ ተራራ ወጥተው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ ኮተቤና ወደ ሽሮ ሜዳ ወርደው ሸጠዋል። የከተማው እንጀራ በዚያ ማገዶ ሲጋገር ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተራራው መዝናኛም ሆነ። ተራራው እንዲጠበቅ፣ አፈሩም እንዳይሸረሸር ሁላችንም እንፈልጋለን። የተማሪው ድርሻ ግን እዚያ መሬት ላይ ማን እንደሚኖርበት በትክክል መጻፍ ነው። እንጨት ተሸካሚዋ እናት ረፋድ ላይ በሚጠራ ስብሰባ አትገኝም፤ ያን ሰዓት ሸክም ላይ ናት። እሷን ማግኘት የሚፈልግ ሰው በምትወርድበት ሰዓት መንገዱ ላይ መቆም አለበት። ዑመር (ረ.ዐ.) ማን ጥቂት ግመል እንዳለው፣ ማን መንጋ እንዳለው ሳያውቁ ያንን ፍርድ ሊሰጡ አይችሉም ነበር።

ለተማሪዎች ተግባራዊ ምክር

በመጀመሪያው ሳምንት ድርጅቱ የሥራ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ እንዳለው፣ የሚቆጣጠራችሁ ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ በምን እንደምትመዘኑ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የራሳችሁ የመስክ ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አብሮ የነበረ ሰው፣ ያያችሁት ነገር በዕለቱ ይጻፍ። የሰማችሁትን «ነዋሪዎች እንዳሉት» ብላችሁ፣ የለካችሁትን ከነመሣሪያው፣ የገመታችሁትን «ግምት» ብላችሁ ለዩ። ያልተለካውን ባዶ ተዉት፤ ባዶ ቦታ ያላወቅነውን ይናገራል፤ የፈጠራ ቁጥር ግን ያወቅን ያስመስላል።

ያልሄዳችሁበትን ቦታ ወይም ያልነበረ ሰውን እንድትጽፉ ብትታዘዙ በጠብ አትጀምሩ። መጀመሪያ «አልገባኝም፣ ቢያስረዱኝ» በሉ፤ ምናልባት ትእዛዙን በስሕተት ተረድታችሁት ይሆናል። ቀጥሎ እንደዚያች ተማሪ ሌላ አማራጭ አቅርቡ፦ «ነገ ሄጄ ልለካው»፣ «በሌላ ርዕስ ላስፈርመው»። ካልሆነ በአክብሮት «ይህን በስሜ መጻፍ አልችልም» በሉና ለዩኒቨርሲቲው አስተማሪያችሁ አሳውቁ። የድርጅቱን ምስጢር በየማኅበራዊ ሚዲያው መበተን ግን ሌላ ኺያና ነው፤ አቤቱታ የሚቀርበው ለሚመለከተው አካል ነው።

የሶላት ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ይነሣ። የመስክ መርሐ ግብር ሲወጣ የዙህርና የዐስር ሰዓት እንዲታሰብ፣ ዓርብ ከጁሙዓ ጋር እንዳይጋጭ ቀድሞ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይባላል። በጭቃ ለምትውሉ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ በውዱእ ላይ ሆኖ የተጠለቀ ከሆነ ነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ እንደሚችል አስታውሱ፤ ዝርዝሩን በአቅራቢያችሁ ያሉትን ዑለማ ጠይቁ። እኅቶች ደግሞ ለመስክ የሚመች ሰፊ ልብስና ሒጃብ አዘጋጁ፤ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲወጣ ብቻችሁን ከአንድ ወንድ ጋር እንዳትመደቡ፣ ሌላ እኅት እንድትጨመር ጠይቁ። ሴት ጠያቂ ሲኖር እናቶች ከወንድ የሚሰውሩትን እንደሚናገሩ ድርጅቶቹም ያውቁታል፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለሥራውም ይጠቅማል።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለወላጆች

የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ብዙዎቻችን «ያው ለወግ ነው» ብለን እንቀራለን። ከዚያ ግንባታው ሲጀመር እንጮኻለን። የመስጂድ ኮሚቴ ጥሪው ሲደርሰው ከጁሙዓ በኋላ ለጀመዓው ማሳወቅ፣ ሰዓቱ ለሴቶች የማይመች ከሆነ እንዲለወጥ ወይም እናቶች በሚገኙበት ቦታ እንዲጠየቁ ማመልከት ይችላል። ሰነዱን ለማየት መጠየቅ መብት ነው። አስተያየት በጽሑፍ ይሰጥ፣ ቅጂውም ይቀመጥ። ምንነቱ ባልተገለጸ ወረቀት ላይ አንፈርም፤ ቀኑንና ርዕሱን እናንብብ።

ጥያቄውን ወደ ራሳችንም እናዙር። በወንዝ አጠገብ ያለ መስጂድ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? የውዱእ ውኃስ? በወንዝ ዳር ሆኖ ውዱእ ሲደረግ እንኳ ውኃ ማባከንን የምትጠላ እምነት ይዘን፣ ቆሻሻችንን ወደ ቀበና ብንለቅ ሌላውን ለመጠየቅ አፍ አይኖረንም። በአቅራቢያችሁ የአካባቢ ትምህርት የሚማር ልጅ ካለ የመስጂዱን ፍሳሽ እንዲያጠና ጠይቁት። ለእሱ ልምምድ፣ ለመስጂዱ ምክር ይሆናል፤ ጥሩ ኒያ ከያዘም ሰደቃ ይሆንለታል።

ወላጆችም ልጃችሁ ከልምምድ ሲመለስ «ስንት ይከፍሉሃል?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን አየህ?» በሉት። የሚመልሰው ነገር ካለው በእርግጥ መስክ ውሏል። ከሌለው ግን ቀስ ብላችሁ፣ ሳትቆጡ፣ ወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፈ ጠይቁት።

አላህ ባየነው እውነትን የምንጽፍ፣ ባላየነው ዝም የምንል ያድርገን። ኣሚን።